ጠዋት አርሰናል፣ ከሰዓት ማንቼ፦ የትምህርት ቤት ሊኑክስን ስለ መቆለፍ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተማክረው የተጻፉ ይመስላሉ። ሁሉም ከወሎ፣ ሁሉም ስለ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር፣ ሁሉም ስለ ሊኑክስ። እኔም ነጣጥዬ ከማቆያቸው አንድ ላይ ላንሳቸው ብያለሁ። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት፤ የመጀመሪያው መልስ ከአቦል እስከ በረካ ሊወስድ ይችላል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ትእዛዞችንና የፎልደር ስሞችን እዚህ የምጽፈው በፊደላችን፣ እንደሚነበቡት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ስትተይቡ ግን፣ ሌላ ካላልኩ በቀር፣ በትናንሾቹ የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው። ለምሳሌ ከታች «ዲኮንፍ» የምትል ቃል ደጋግማ ትመጣለች። ዲ፣ ሲ፣ ኦ፣ ኤን፣ ኤፍ ማለት ነው፤ መሐሏ ክፍተት የለም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሐይቅ አካባቢ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ነኝ። ላባችን 24 ኮምፒውተሮች አሉት፤ ሁሉም ላይ ኡቡንቱ 22.04 ነው የተጫነው። አካውንቱ አንድ፣ ፓስወርዱም አንድ ነው፣ ተማሪው ሁሉ ያውቀዋል። የሐይቃችንን ፎቶ ዎልፔፐር አድርጌላቸው ነበር። ጠዋት ስገባ አርሰናል፣ ከሰዓት ስመለስ ማንቼ። እሱስ ይሁን። ስክሪኑን ዘቅዝቀውት ይሄዳሉ፣ በግራ በኩል ያለውን የፕሮግራሞች መደርደሪያ ባዶ ያደርጉታል፣ ኪቦርዱን ወደማላውቀው ቋንቋ ይቀይሩታል። ቅዳሜዬ በሙሉ እዚያው ያልቃል። አንድ ጓደኛዬ «የሴቲንጉን ፋይል ሪድ ኦንሊ አድርገው» ብሎኝ አደረግኩ። በማግስቱ እንደገና ማንቼ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ መምህር፣ አብሽሩ። ቦታውን ላብ ያሉት የመምህሩን ላብ አስበው ሳይሆን አይቀርም።

ችግሩ ግን ከዎልፔፐሩ አይጀምርም። ከደብዳቤዎ እኔን ያስደነገጠችኝ «ፓስወርዱም አንድ ነው» የምትለዋ ናት። ኡቡንቱ ሲጫን መጀመሪያ የሚፈጠረው አካውንት የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ይዞ ነው የሚወለደው። ሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን አድርግ የምትል ትእዛዝ ናት) ብሎ ያንኑ ፓስወርድ የሚያስገባ ልጅ ኮምፒውተሩን እንዳለ ማፍረስ ይችላል። እስካሁን ዎልፔፐር ብቻ እየቀየሩ ከሆነ ልጆችዎ ጨዋ ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሴቲንግስ ውስጥ ዩዘርስ የሚለውን ይክፈቱና ለተማሪዎች አዲስ አካውንት ይፍጠሩ። ዓይነቱ ስታንዳርድ ይሁን፣ አድሚኒስትሬተር አይሁን። የድሮውን አካውንት አያጥፉት፣ ፓስወርዱን ብቻ ቀይረው ለራስዎ ያስቀሩት። ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፦ የድሮውን ሥልጣን ይነጥቅና አዲስ አስተዳዳሪ ሳይፈጥር ሎግ አውት ያደርጋል፣ ከዚያ ከገዛ ቤቱ ደጅ ያድራል።

እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ጉድ አለች። ስታንዳርድ አካውንትም ቢሆን የራሱን ፓስወርድ መቀየር ይችላል፤ አካውንቱን ሁሉም ስለሚጋሩት አንዱ ከቀየረው የቀሩት ደጅ ቀሩ። መላው ቀላል ነው። ከራስዎ አካውንት ሆነው ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ሱዶ፣ ቀጥሎ ፓስወርድ መቀየሪያውን ትእዛዝ (ፒ፣ ኤ፣ ኤስ፣ ኤስ፣ ደብሊው፣ ዲ)፣ ቀጥሎ -ኤን 9999፣ መጨረሻ ላይ የተማሪውን አካውንት ስም ይጻፉ። ያ አካውንት ፓስወርዱን ለ9999 ቀን መቀየር አይችልም ማለት ነው። ከ27 ዓመት በላይ ነው፣ ያኔ ሁለታችንም ጡረታ ወጥተናል። እርስዎ ግን በሱዶ በፈለጉት ሰዓት መቀየር ይችላሉ።

አሁን ወደ ሪድ ኦንሊው። ሐሳቡ ለብዙ ሰው የሚመጣ ነው፣ እኔም ሞክሬዋለሁ። ኡቡንቱ ላይ ያለው ዴስክቶፕ ኖም ይባላል (ሲጻፍ ፊቱ ላይ የማትነበብ ጂ አለች)። ኖም ሴቲንጉን የሚያስቀምጠው በዲኮንፍ ነው። የእያንዳንዱ ተጠቃሚ ምርጫ በራሱ የቤት ፎልደር፣ ኮንፊግ በሚባለው ስውር ፎልደር ውስጥ፣ ዲኮንፍ ውስጥ፣ «ዩዘር» በምትባል አንዲት ፋይል ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ታዲያ ለውጥ ሲመጣ ዲኮንፍ ያችን ፋይል ከፍቶ አያርምም፤ አዲስ ፋይል ይጽፍና በአሮጌዋ ቦታ ይተካታል። መተካት የሚጠይቀው የፎልደሩን ፈቃድ ነው እንጂ የፋይሏን አይደለም። ፎልደሩ ደግሞ የልጁ ነው። ሳጥኑን ቆልፎ ቤቱን ክፍት እንደመተው ነው፤ ሌባው ሳጥኑን ተሸክሞት ይሄድና በቦታው የራሱን ሳጥን ያስቀምጥልዎታል።

እኔ ታዲያ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ከዚህም አልፌ ነበር። የተማሪዎቹን የቤት ፎልደር እንዳለ የማይጻፍበት አደረግኩት። አርብ ማታ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ፓስወርድ ያስገባሉ፣ ስክሪኑ ብልጭ ይላል፣ ተመልሶ ፓስወርድ ይጠይቃል። እንደገና ያስገባሉ፣ እንደገና ይጠይቃል። ዴስክቶፕ ሲነሳ የቤት ፎልደሩ ውስጥ የሚጽፋቸው ጥቃቅን ፋይሎች አሉ፤ መጻፍ ካልቻለ አይነሳም። የዚያን ቀን የኮምፒውተር ትምህርት በጠመኔ ተሰጠ።

ትክክለኛው መንገድ ራሱ ዲኮንፍ ያዘጋጀው ነው። ምርጫዎችን በንብርብር ነው የሚያነበው። ላይኛው የተጠቃሚው፣ ታችኛው የሲስተሙ። በተለምዶ ላይኛው ያሸንፋል። አንድ ነገር ላይ ቁልፍ ሲደረግበት ግን የሲስተሙ ያሸንፋል፣ የልጁ ምርጫ ከነጭራሹ አይሰማም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኢቲሲ (የሲስተሙ ሴቲንጎች የሚቀመጡበት ፎልደር) ስር ዲኮንፍ የሚባል ፎልደር አለ። በእሱ ውስጥ «ፕሮፋይል» የሚባል ፎልደር፣ በፕሮፋይል ውስጥ ደግሞ «ዩዘር» የሚባል ፋይል ይኑር። ፋይሉ ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ ዩዘር-ዲቢ:ዩዘር፣ ከሥሩ ሲስተም-ዲቢ:ሎካል። ንብርብሩ ይኸው ነው። ቀጥሎ እዚያው ዲኮንፍ ስር «ዲቢ»፣ በዲቢ ስር «ሎካል.ዲ» የሚባል ፎልደር ይፍጠሩ። በውስጡ አንድ ፋይል ያስቀምጡ፣ ስሙ እንደፈለጉ ነው፤ እኔ 00-ላብ እለዋለሁ። የመጀመሪያው መስመር ላይ በማዕዘን ቅንፍ [ኦርግ/ኖም/ዴስክቶፕ/ባክግራውንድ] ይጻፉ። ከሥሩ ፒክቸር-ዩአርአይ፣ የእኩል ምልክት፣ ከዚያ የፎቶው አድራሻ በነጠላ ጥቅስ ውስጥ። ጥቅሱን ከረሱት አይሠራም። አድራሻው የሚጀምረው ፋይል:/// ብሎ ነው፣ ሦስት ስላሽ። ሌላ መስመር ጨምረው ፒክቸር-ዩአርአይ-ዳርክ ብለው ያንኑ ይድገሙ። 22.04 ላይ ያለው ኖም ለጥቁሩ መልክ የራሱ ዎልፔፐር አለው፤ ይህን ካልጻፉ አንዱ ዳርክ ላይ ያደርግና ማንቼ ከዚያ በኩል ይገባል።

ይህ ምርጫውን ወሰነ እንጂ አልቆለፈም። ለመቆለፍ ሎካል.ዲ ውስጥ «ሎክስ» የሚባል ፎልደር ይፍጠሩ፣ በውስጡ የፈለጉትን ስም የሰጡት ፋይል። በእያንዳንዱ መስመር ላይ የሚቆለፈውን ነገር ሙሉ መንገዱን ይጽፋሉ፦ /ኦርግ/ኖም/ዴስክቶፕ/ባክግራውንድ/ፒክቸር-ዩአርአይ። ልብ ይበሉ፣ በቅንፉ ውስጥ ፊት ላይ ስላሽ አልነበረም፣ እዚህ ግን አለ። ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚች ጋ ነው። ሲጨርሱ ተርሚናል ላይ ሱዶ ዲኮንፍ አፕዴት። ይህን ካላሉ የጻፉት ሁሉ ያልታወጀ አዋጅ ነው፣ ማንም አይሰማውም። ከዚያ ሎግ አውት፣ ሎግ ኢን።

ፎቶውን በራስዎ ፒክቸርስ ፎልደር ውስጥ እንዳያስቀምጡት። ከ21.04 ጀምሮ ኡቡንቱ የአንዱን ተጠቃሚ የቤት ፎልደር ሌላው እንዳያይ ዘግቶ ነው የሚፈጥረው። ፎቶው እርስዎ ዘንድ ካለ ተማሪው ሐይቁን አያየውም። ዩኤስአር፣ ሼር፣ ባክግራውንድስ የሚለው ቦታ ለሁሉም ክፍት ነው፣ እዚያ ይቅዱት።

የሌሎቹን ስም ከየት አመጣለሁ ካሉኝ፣ እኔም በቃሌ አላውቃቸውም። ተርሚናል ላይ ዲኮንፍ ዋች ብለው ክፍተት ትተው አንድ ስላሽ ይጻፉና ኢንተር ይምቱ። ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከዚያ በማውስ ሴቲንጉን ራስዎ ይቀይሩት። የነካችሁት ነገር ሙሉ ስም ተርሚናሉ ላይ ወዲያው ይወጣል። እሱን ቀድቶ ሎክስ ውስጥ መለጠፍ ነው። የፕሮግራሞቹን መደርደሪያ ለመቆለፍ ኦርግ/ኖም/ሼል ስር ፌቨሪት-አፕስ የሚለውን ያገኛሉ። ለኪቦርዱ ኦርግ/ኖም/ዴስክቶፕ/ኢንፑት-ሶርስስ ስር ሶርስስ የሚለውን። እንግሊዝኛውንና አማርኛውን ሁለቱንም አስገብተው ይቆልፉት፤ ልጆቹ በሁለቱ መሐል መቀያየር ይችላሉ፣ ሦስተኛ መጨመር ግን አይችሉም።

መቆለፉን ለማረጋገጥ ከተማሪው አካውንት ጂሴቲንግስ ራይተብል የሚለውን ትእዛዝ ከነ ስሙ ይጻፉ (እዚህ በስላሽ ፋንታ ነጥብ ነው፣ ከመጨረሻው ስም በፊት ክፍተት)። ፎልስ ካለ ተቆልፏል። ቁልፉ እርስዎንም እንደሚቆልፍ ይወቁ፣ የአስተዳዳሪ አካውንት ስለሆነ አይምርም። ዎልፔፐሩን መቀየር ሲፈልጉ 00-ላብን አርመው እንደገና አፕዴት ማለት ነው።

የተዘቀዘቀው ስክሪን ግን ከዲኮንፍ ውጭ ነው። ሞኒተርስ በምትባል ሌላ ፋይል ነው የሚመዘገበው፤ እሷም ያው ስውሩ ኮንፊግ ውስጥ ናት። ለእሱና ለሌላው ኮተት ሁሉ እኔ የምወደው የተማሪውን ቤት በየጠዋቱ መጥረግ ነው። አንድ ጊዜ አካውንቱን እንደሚፈልጉት ያሰናዱ። ያንን የቤት ፎልደር እንዳለ ኦፒቲ ስር «ናሙና» ብለው በሱዶ ይቅዱት፣ ባለቤትነቱ እንዳይለወጥ ሲፒ -ኤ ይበሉ። ከዚያ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር አርሲንክ -ኤ --ዲሊት (አንዱን ፎልደር ከሌላው ጋር የሚያመሳስል ትእዛዝ ነው) ከናሙናው ወደ ተማሪው ቤት እንዲሮጥ በሱዶ ክሮንታብ (በራሳቸው የሚሮጡ ትእዛዞች ዝርዝር) ላይ @ሪቡት ብለው ያስገቡ። የሁለቱም ፎልደሮች ስም መጨረሻ ላይ ስላሽ ይኑር፤ ከናሙናው ስም መጨረሻ ከጎደለች ቤቱ በናሙናው አይተካም፣ ናሙናው ራሱ ቤቱ ውስጥ ይገባል፣ የቀረው ሁሉ ደግሞ ሳይጠረግ እንዳለ ይቀራል። ልጆቹ ያስቀመጡት ሥራም አብሮ እንደሚጠረግ አስቀድመው ይንገሯቸው። ሥራቸውን ከቤት ፎልደሩ ውጭ ለሁሉም በተከፈተ ፎልደር ወይም በፍላሽ ይያዙ።

አንዱ ላይ ጨርሰው ሲረኩ፣ ኢቲሲ ስር ያለውን ዲኮንፍ በፍላሽ ወደ 23ቱ ይቅዱ፣ በየአንዳንዱ ላይ አፕዴት ይበሉ። አንድ ቅዳሜ ይፈጃል። የመጨረሻው ቅዳሜ ይሁንልዎ።

አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ። የፊደል መጠንንና የአይን እክል ላለበት የተዘጋጁትን ሴቲንጎች አይቆልፉ። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አይኑን የሚያጨማድድ ልጅ ሁልጊዜ አለ። ፊደሉን ቢያተልቀው ማንም አይጎዳም፣ በማግስቱ ጠዋትም ይጠረጋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ኮምቦልቻ ነኝ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ላብ እጠብቃለሁ። በእርዳታ የመጡ አሮጌ ዴስክቶፖች ናቸው፣ ራማቸው 2 ጊጋ። ዙቡንቱ ጭነንባቸዋል። ድሮ ዊንዶውስ ላይ ዲፕ ፍሪዝ ነበረን፤ ሪስታርት ስታደርገው ሁሉም ነገር ወደነበረበት ይመለሳል። ሊኑክስ ላይ እንደዚያ ያለ ነገር የለም? መብራት ደግሞ እየሄደ እየመጣ ሲስተሙን እያበላሸብን ነው።

መልስ፦ አለ እንጂ፣ ወንድሜ። ኦቨርሌይሩት ይባላል፣ በነፃ ነው፣ ከኡቡንቱ መጋዘን በአፕት ኢንስቶል ይወርዳል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ዲስኩ ተነባቢ ብቻ ይሆናል። በላዩ ላይ ስስ ንብርብር ራም ውስጥ ይነጠፋል፤ ተማሪው የሚጽፈው፣ የሚያጠፋው፣ የሚጭነው ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚሆነው። ሪስታርት ሲደረግ ንብርብሩ ይጠፋል፣ ከሥሩ ያለው እንዳለ ነው። ለመብራቱም መድኃኒት የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው፦ ዲስኩ ላይ ምንም እየተጻፈ ስላልሆነ መብራት በመሐል ቢሄድ የሚቋረጥ ጽሑፍ የለም።

ኢቲሲ ስር ኦቨርሌይሩት.ኮንፍ የሚባለውን ፋይል ክፈት። ኦቨርሌይሩት= ብሎ ባዶ ጥቅስ ያለበትን መስመር ታገኛለህ። ጥቅሱ ውስጥ ቲኤምፒኤፍኤስ ብለህ ሪስታርት አድርግ። በቃ። አንድ ቀን አዲስ ፕሮግራም መጫን ስትፈልግ ኦቨርሌይሩት-ችሩት በሚለው ትእዛዝ ከንብርብሩ ሥር ገብተህ ትጭናለህ።

ያንተ ችግር ራሙ ነው። ንብርብሩ የሚኖረው ራም ውስጥ ስለሆነ አንድ ተማሪ ትልቅ ቪዲዮ ካወረደ ማሽኑ ይታነቃል። 2 ጊጋ ደግሞ ለፋየርፎክስ ብቻውንም ጠባብ ነው። የተማሪዎች ቤት በሌላ ፓርቲሽን ላይ ካለ፣ ከቲኤምፒኤፍኤስ በኋላ፣ እዚያው ጥቅስ ውስጥ፣ ሁለት ነጥብ (:) አድርገህ ሪከርስ=0 ብለህ ጨምር። ያኔ ሩቱ (ዋናው ሲስተም ያለበት) ብቻ ይከደናል፣ ቤቱ ዲስኩ ላይ እንደድሮው ይጻፍበታል፣ ራሙም ይተነፍሳል። ቤቱን ደግሞ ለሐይቁ መምህር በነገርኳቸው መንገድ ትጠርጋለህ። እውነቱን ልንገርህ፣ ለእነዚህ ማሽኖች እኔ ብሆን 2 ጊጋ ራም ጨምሩልኝ ብዬ ርዕሰ መምህሩን ከመለመን ነበር የምጀምረው።

ዙቡንቱ ላይ ያለው ዴስክቶፕ ኤክስኤፍሲኢ ስለሆነ ዲኮንፍ አይሠራልህም። የእሱ ሴቲንጎች ኢቲሲ፣ ኤክስዲጂ፣ ኤክስኤፍሲኢ4፣ ኤክስኤፍኮንፍ ስር በኤክስኤምኤል ፋይሎች ይቀመጣሉ። ቻነል የሚለው መስመር ላይ «አንሎክድ» ብለህ የሚፈቀድላቸውን ተጠቃሚዎች ስም ካስገባህ የቀረው ሰው ሁሉ ተቆለፈ ማለት ነው። ፓነሉን እንዲህ ቆልፈው፣ ሌላውን ኦቨርሌይሩት ይጨርስልሃል። ሊኑክስ ሚንት ያላችሁ ደግሞ፣ ሲናሞን ወይም ማቴ ከሆነ ዲኮንፍ ይሠራል፣ ኖም የሚለው ቦታ ላይ የእነሱ ስም ይገባል። ሚንት ሎግ ኢን ዊንዶው ሴቲንግ ውስጥ የእንግዳ መግቢያ የሚፈቅድ ቁልፍም አለው። እንግዳው ሲወጣ ቤቱ አብሮት ይጠፋል። ለብዙ ትንንሽ ላቦች ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ደሴ ነኝ፣ 11ኛ ክፍል። ሁለት ጥያቄ አለኝ። መምህራችን ሁሉን ነገር ቆልፈውታል። ተርሚናል እንኳን አይከፈትም። እኔ ደግሞ ሊኑክስ መማር ነው የምፈልገው፤ እንዴት ልክፈተው? ሁለተኛው ትንሽ ያሳፍራል። ቴሌግራሜን ላቡ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ደወል ሲደወል ረስቼው ወጣሁ። ከኔ ቀጥሎ የተቀመጠው ልጅ ለአጎቴ ብር ላክልኝ ብሎ ጻፈላቸው።

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁለተኛው ልጀምር፣ እሱ ነው የሚያስቸኩለው። ስልክሽ ላይ ቴሌግራም ክፈቺ፣ ሴቲንግስ ግቢ፣ ዲቫይስስ የሚለውን ንኪ። አካውንትሽ ክፍት የሆነባቸው መሣሪያዎች ሁሉ ተደርድረው ታያለሽ። ከዚህኛው ስልክ በቀር ሌሎቹን ሁሉ ዝጋ የሚለውን በቀይ የተጻፈ ንኪ። የላቡ ኮምፒውተር ወዲያው ይወጣል። ከዚያ ለአጎትሽ ደውዪላቸው፤ ድምፅሽን ሲሰሙ ነው የሚያምኑሽ።

መምህራን፣ ይቺን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አንብቧት። ለዎልፔፐር ቅዳሜያችንን እንሠዋለን፣ የልጆች ሚስጥር ደግሞ ብራውዘር ላይ ተዘርግፎ ያድራል። ኢቲሲ ስር ፋየርፎክስ፣ በእሱ ስር ፖሊሲስ የሚባል ፎልደር ፍጠሩና ፖሊሲስ.ጄሰን የሚባል ፋይል አስገቡ። እዚያ ውስጥ ኦፈርቱሴቭሎጊንስ የሚለውን ፎልስ ብትሉት «ፓስወርድህን ላስቀምጥልህ?» ማለቱን ይተዋል። ሳኒታይዝኦንሻትዳውን የሚለውን ትሩ ብትሉት ፋየርፎክስ ሲዘጋ ታሪኩን፣ ኩኪውን፣ የተከፈተውን አካውንት ሁሉ ይጠርጋል። በእነዚህ ስሞች ውስጥ የየቃሉ መነሻ በትልቅ ፊደል ነው የሚጻፈው፣ ክፍተት የላቸውም። የገባ መሆኑን አድራሻ መጻፊያው ላይ አባውት:ፖሊሲስ ብላችሁ እዩት። አንድ ቀዳዳ ግን ይቀራል። ማጽዳቱ የሚሆነው ብራውዘሩ በወጉ ሲዘጋ ነው። መብራት ድንገት ከሄደ ሳያጸዳ ነው የሚሞተው፣ እኛ ዘንድ ደግሞ መብራት ተሰናብቶ አይሄድም። ቤቱ በየማስነሻው የሚጠረገው ለዚህም ጭምር ነው።

ወደ ተርሚናሉ። እንዴት ሰብረሽ እንደምትገቢ አልነግርሽም፣ ከመምህርሽ ጋር መጣላት አልፈልግም። ግን ለእሳቸው የምለው አለኝ። ዲኮንፍ ላይ ኦርግ/ኖም/ዴስክቶፕ/ሎክዳውን ስር ዲሴብል-ኮማንድ-ላይን የሚባል ነገር አለ። እሱን ያበራ ሰው በአልትና ኤፍ2 የሚከፈተውን የትእዛዝ ሳጥን ይዘጋል፤ በኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 የሚከፈተው ጥቁር ስክሪን ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ የሚዘጋው ለሚማረው ልጅ ነው፣ ለሚያውቀው አይደለም። የሱዶ ሥልጣን የሌለው ተማሪ በተርሚናል በአመዛኙ የሚያበላሸው የራሱን ቤት ነው፣ ቤቱ ደግሞ ነገ ጠዋት ይጠረጋል። አይሲቲ እያስተማሩ ተርሚናል መዝጋት ዋና እያስተማሩ ውሃውን እንደማፍሰስ ነው። ከ20 ኮምፒውተር አንዱን ጥግ ላይ አስቀምጡና «ይህ መፍረሻ ነው» ብላችሁ ከነሥልጣኑ ስጧቸው፤ ያፍርሱት፣ ራሳቸው መልሰው ይጫኑት።

አንቺ እስከዚያው 8 ጊጋ ፍላሽ ፈልጊ። ኡቡንቱን እሱ ላይ አስጽፈሽ የወንድምሽን ወይም የጎረቤት ላፕቶፕ ከፍላሹ አስነሺው። ሲነሳ ትራይ የሚለውን ምረጪ፣ ኢንስቶል የሚለውን እንዳትነኪ። ትራይ ዲስኩን ሳይነካ ሙሉ ሊኑክስ ያሳይሻል፣ ሱዶም ያንቺ ነው። የትምህርት ቤቱ ማሽን ላይ ግን ያለ ፈቃድ አታድርጊው።

ጥያቄ፦ ከወልድያ። የተባለውን ሁሉ አድርገን ነበር። የ12ኛ ክፍል ልጆች ግን ፓስወርድ ሳያውቁ አስተዳዳሪ ሆነው ገቡ። እንዴት ሊሆን ቻለ?

መልስ፦ ሪከቨሪ ሞድ ነው የሚሆነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ግረብ የሚባለው ሜኑ እንዲወጣ ያደርጋሉ፣ ሪከቨሪን ይመርጣሉ፣ ከዚያ ሩት የሚለውን። ኡቡንቱ እዚያ ላይ ፓስወርድ አይጠይቅም፤ ፓስወርዱን ለረሳ ባለቤት ተብሎ የተተወ በር ነው።

ግረብ ራሱ ፓስወርድ ሊደረግለት ይችላል። ግረብ-ኤምኬፓስወድ-ፒቢኬዲኤፍ2 የሚባለው ትእዛዝ የተመሰጠረ ፓስወርድ ያወጣልዎታል። እሱን ኢቲሲ፣ ግረብ.ዲ፣ 40_ከስተም ውስጥ ከሱፐርዩዘርስ መስመር ጋር ያስገቡና አፕዴት-ግረብ ይበሉ። ጥንቃቄ፦ በዚህ ብቻ ካቆሙ ኮምፒውተሩ ጠዋት ጠዋት ለመነሳት ራሱ ፓስወርድ ይጠይቃል፣ እርስዎም በየማሽኑ ሲዞሩ ያረፍዳሉ። 10_ሊኑክስ በሚለው ፋይል ውስጥ ክላስ በሚለው መስመር --አንረስትሪክትድ ብለው ከጨመሩ ማስነሳት ለሁሉም ክፍት ሆኖ ማረም ብቻ ይዘጋል። ችግሩ፣ ይህ ለሪከቨሪም ሊተርፍ ስለሚችል ዲፎልት ግረብ ፋይል ውስጥ ግረብ_ዲሴብል_ሪከቨሪ የሚለውን (ስሙ ሁሉም በትልልቅ ፊደል ነው) ትሩ አድርገው ሪከቨሪውን ከሜኑው ያውጡት። ባዮሱም (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሲስተሙ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም) ላይ ፓስወርድ አድርገው ከዩኤስቢ መነሳትን ይዝጉ፣ አለዚያ ፍላሽ ይዞ የመጣ ልጅ ይህን ሁሉ ይዘለዋል።

ባዮሱን ደግሞ ብዙ ዴስክቶፖች ላይ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ አውጥቶ በመመለስ ማጥፋት ይቻላል። ልጆችዎ እስከዚህ ከደረሱ የሶፍትዌሩ ነገር አብቅቷል። የኬዙ ጀርባ ላይ የምትወጣ የብረት ቀለበት ካለች ከሱቅ ትንሽ ጓጉንቸር ገዝተው ያንጠልጥሉባት። መክፈቻውን ግን መምህሩ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ አይተዉት፣ መጀመሪያ የሚያዩት እዚያ ነው።